ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ላይሰንሱን ቁጠሩ

ሥራዬ ለትምህርት ቤቶች፣ ለኮሌጆችና ለትናንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ መዘርጋት ነው። በቅርብ ዓመታት እየበዛ የመጣብኝ ጥያቄ ስለ ቲን ክላየንት የሚነሣው ነው። «ለእያንዳንዱ ተማሪ ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ይረክሳል ሲባል ሰማን፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። እውነት ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ከዕቃው በፊት ሁለት ነገሮች ከተወሰኑ ነው፤ ማሽኖቹ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙበት ፕሮቶኮልና ለዚያ የሚከፈለው ላይሰንስ። ሁለቱ ሳይወሰኑ የተገዛ ዕቃ ወጪውን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም።

ቲን ክላየንት ከመጽሐፍ የማትበልጥ፣ ሃርድ ዲስክ የሌላት ወይም ጥቂት ማከማቻ ብቻ ያላት ማሽን ናት። ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ይሰካባታል፤ በኬብል ከሰርቨር ጋር ትገናኛለች። ዎርዱም፣ ኤክሴሉም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። ተማሪው ፊት የሚደርሰው የስክሪኑ ምስል ሲሆን፣ ተማሪው የሚጫነው ቁልፍና የሚያንቀሳቅሰው ማውስ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 15 ዋት ስለሚፈጁ፣ 20 ማሽን ያለው ክፍል ከሞኒተሮቹ በቀር ከ300 ዋት አያልፍም። ማቀዝቀዣ ፋን የላቸውም፣ አቧራ አይሰበስቡም፣ የተበላሸውን በሌላ ለመተካት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለትምህርት ቤት የሚመች ዕቃ ነው።

ምስሉ በምን መንገድ ይጓዛል?

ምስሉን ከሰርቨር ወደ ተማሪው የሚያደርሰው ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ስክሪን ከ6 ሜጋባይት በላይ ነው። ይህ ሳይጨመቅ በሴኮንድ 30 ጊዜ ቢላክ 1.5 ጊጋቢት ገደማ ይሆናል። አንድ ተማሪ ብቻውን የጊጋቢት ስዊች መስመርን ሞልቶ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ደህና ፕሮቶኮል የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ለይቶ ይልካል፣ ቀድሞ የላከውን ያስታውሳል፣ ጽሑፉንና ፎቶውን በየባሕርያቸው ይጨምቃል። ፕሮቶኮሎች የሚለያዩት በዚህ ብልሃታቸው ነው።

በአገራችን ቢሮዎች በብዛት የሚታወቀው የማይክሮሶፍቱ አርዲፒ ነው። የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ጋር ሲሆን፣ አንድን ዊንዶውስ ለብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የማካፈሉን ቴክኖሎጂ ማይክሮሶፍት ከሲትሪክስ ኩባንያ በፈቃድ ነበር ያገኘው። ከዊንዶውስ 8 እና ከሰርቨር 2012 ወዲህ አርዲፒ ዩዲፒ በሚባለው የመላኪያ መንገድም ስለሚጓዝ፣ በሚቆራረጥ መስመር ላይ የበፊቱን ያህል አይንገዳገድም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ካላችሁ የመጀመሪያው ምርጫ እርሱ ነው። ሲትሪክስ የራሱ ፕሮቶኮል አለው፤ በደካማ መስመር ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ክፍያው ግን ከማይክሮሶፍቱ ላይሰንስ በላይ ተጨማሪ ስለሆነ ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለአንድ የኮምፒውተር ላብ አልመክረውም።

ቪኤንሲ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በኦሊቬቲና ኦራክል የምርምር ላብራቶሪ ነው። ነፃ ስለሆነ ብዙ ሰው «በዚህ ላቡን እንሥራው» ይለኛል። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ግን ቪኤንሲ የሚያሳየው ያንኑ አንድ ስክሪን ነው፤ ሃያ ተማሪ ቢገባ ሃያውም አንድ ማውስ ይሻማሉ። መምህሩ የተማሪውን ስክሪን እንዲያይና እንዲያግዝ ግን ተስማሚ ነው። የቀድሞው የቪኤንሲ የይለፍ ቃል ከ8 ፊደል በላይ የማይቀበልና ምስሉንም ሳያመሰጥር የሚልክ መሆኑን አስታውሱ፤ ከግቢ ውጭ ለብቻው መውጣት የለበትም።

በሊኑክስ በኩል ሦስት መንገዶችን እጠቀማለሁ። ኤክስአርዲፒ የሊኑክስ ሰርቨር በአርዲፒ ቋንቋ እንዲናገር ያደርጋል፤ ለዊንዶውስ የተገዛችው ቲን ክላየንት ሳትለወጥ ትገናኛለች። ኤክስቱጎ ሁሉንም ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ አመስጥሮ ይልካል፤ ለቀጭን መስመርም ይመቻል፤ ከኤክስኤፍሲኢ ወይም ከማቴ ዴስክቶፕ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሰምርለታል። ሦስተኛው በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤልቲኤስፒ ነው። በእርሱ ሃርድ ዲስኩ የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር በኔትወርክ ካርዱ በኩል ከሰርቨሩ ይነሣል። በዛሬው ኤልቲኤስፒ ፕሮግራሙ የሚሠራው ተማሪው ፊት ባለው ማሽን ላይ ስለሆነ ሰርቨሩ ይቀለዋል፤ ማሽኑ ግን በቂ ሚሞሪ ሊኖረው ይገባል። መጋዘን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለተከመሩባቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ሳልነግራቸው አልወጣም።

የላይሰንሱ ሒሳብ

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸሸው ክፍል እንግባ። ላይሰንስ እንደ መኪና ሊብሬ ነው፤ ዕቃው ቢኖርም ወረቀቱ ከሌለ የእናንተ ነው ለማለት አይቻልም። በማይክሮሶፍቱ መንገድ ወረቀቱ አራት ነው።

የመጀመሪያው የዊንዶውስ ሰርቨሩ የራሱ ነው። የሚቆጠረው በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ሲሆን፣ ሰርቨሩ ምንም ትንሽ ቢሆን ከ16 ኮር ያነሰ መግዛት አይቻልም። ሁለተኛው ካል የሚባለው ወደ ሰርቨሩ የመግባት ፈቃድ ነው። ሦስተኛው አርዲኤስ ካል ይባላል፤ የሰርቨሩን ዴስክቶፕ ከሩቅ ለመጠቀም በካሉ ላይ የሚጨመር ነው። አራተኛው የኦፊስ ላይሰንስ ነው። ለአንድ ቤት ኮምፒውተር ከሱቅ የተገዛ ኦፊስ ለሃያ ሰው በሚካፈል ሰርቨር ላይ መጫን አይፈቀድም፤ ለድርጅት የሚሸጠው ወይም በጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት ዓይነት መሆን አለበት።

ካሉም አርዲኤስ ካሉም በሁለት ዓይነት ይሸጣሉ፤ በማሽን ወይም በሰው። ምርጫው በወጪው ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። 25 ማሽን ያለው ላብ ውስጥ 600 ተማሪዎች በፈረቃ ቢገቡ በማሽን 25 ፈቃድ ይበቃል፤ በሰው ቢገዛ 600 ነው። በአንጻሩ 10 ሠራተኛ ያለው ቢሮ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቢሮው ማሽን፣ ከቤቱ ላፕቶፕና ከስልኩ የሚገባ ከሆነ፣ በሰው 10 ይገዛል እንጂ በማሽን 30 አይገዛም። የማሽንና የሰው ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ ትንሹን ምረጡ።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የምሰማቸው ሦስት የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። አንደኛው «ቲን ክላየንቷ በሊኑክስ ነው የምትሠራው፤ ስለዚህ የማይክሮሶፍት ላይሰንስ አያስፈልጋትም» የሚለው ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ወደ ዊንዶውስ ሰርቨር ስለምትገባ ነው፤ የራሷ ሲስተም ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም። ሁለተኛው «ቲን ክላየንቱን የሠራው ኩባንያ የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ከርሱ ጋር ሁሉም ተጠቃሏል» የሚለው ነው። የኩባንያው ሶፍትዌር በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዴስክቶፕ የሚያካፍል እስከሆነ ድረስ አርዲኤስ ካሉ አይቀርም። ሦስተኛው «ዊንዶውስ 11 ላይ አንዲት ፋይል ብንቀይር ለሁሉም ይከፈታል» የሚለው ነው። ተራው ዊንዶውስ ከሩቅ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፋይሉን መለወጥ ውሉን መጣስ ነው፤ በዚያ ላይ ዊንዶውስ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ላቡ ይቆማል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ የትምህርት ተቋም ኃላፊ ሊያውቀው ይገባል።

መቶ ሃያኛው ቀን

ላይሰንስ መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል አንድ ኮሌጅ ውስጥ በቅርብ አይቻለሁ። ላቡን የሠራላቸው ሌላ ድርጅት ነበር። መስከረም ላይ ተመረቀ፤ ተማሪዎች ፒችትሪ እየተማሩበት ሰነበቱ። ጥር ላይ፣ የሴሚስተር ፈተና ሲቃረብ፣ የላቡ ኃላፊ ስልክ ደወለልኝ። «ኢንጂነር፣ ትናንት ሲሠራ የዋለ ላብ ዛሬ አንዱም ማሽን አልገባም አለ። ኬብሉ ይሆን? እባክዎ መጥተው ይዩልን።»

ኬብሉ ደህና ነበር፤ ስዊቹም መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ቲን ክላየንቶቹ ላይ የወጣው መልእክት ግን ግልጽ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጥ የላይሰንስ ሰርቨር አልተገኘም ይላል። ዊንዶውስ ሰርቨር የሩቅ ዴስክቶፕ አገልግሎቱ ከተጫነ በኋላ የ120 ቀን ፋታ ይሰጣል። በእነዚያ ቀናት ማንም ሳይጠየቅ ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ወር ነው። ቀኑ ሲሞላ የሚገባው ለጥገና የተፈቀደለት አስተዳዳሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁለት ሰው አይበልጥም። ላቡን የሠራው ድርጅት የላይሰንስ ሰርቨር አልጫነም፣ ካልም አልገዛም፤ ርክክቡም በፋታው ውስጥ ስለተፈጸመ ማንም አላወቀም።

ጥገናው ከአንድ ሰዓት አልፈጀም። የላይሰንስ ሰርቨሩን መጫን፣ ከማይክሮሶፍት ጋር ማስተዋወቅ፣ በማሽን የተቆጠረውን ፈቃድ ማስገባት ብቻ ነው። የሰነበተው ግዢው ነው። በጀት አልተያዘለትም፤ ዋጋው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ከብዷል። ፈተናው በወረቀት ተሰጠ። ሒሳብ በኮምፒውተር ሊፈተኑ የተዘጋጁ ተማሪዎች በእርሳስ ሲፈተኑ ማየት ያሳዝናል።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የካሉ ዘመን ከሰርቨሩ ጋር መመጣጠን አለበት። የ2019 ካል የ2022ን ሰርቨር አይከፍትም፤ የ2022 ካል ግን የ2019ን ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ዶሜይን (የተጠቃሚዎች ማእከላዊ መዝገብ) በሌለው ግቢ ውስጥ በሰው የተቆጠረ ፈቃድ አትጫኑ። አዲሶቹ ሰርቨሮች የተማሪውን ሥራ በ60 ደቂቃ ውስጥ ያቋርጡታል። ዶሜይን ከሌለ በማሽን የተቆጠረው ነው የሚሠራው።

ለማን የትኛው?

የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምር ኮሌጅ ፒችትሪ ያስፈልገዋል፤ ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ስለዚህ አርዲፒ፣ ዊንዶውስ ሰርቨርና በማሽን የተቆጠረ ካል። ሌላ አቋራጭ የለውም፤ ወጪውን ከመጀመሪያው ይያዝ።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ የሚሠሩት ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትና በብራውዘር ማንበብ ከሆነ፣ ሊኑክስ ከሊብሬኦፊስ ጋር ይበቃቸዋል። ለሲስተሙም፣ ለኦፊሱም፣ ለፕሮቶኮሉም የላይሰንስ ክፍያ የለም። ያ ገንዘብ ለሰርቨሩ ሚሞሪ ይዋል። እኔ ለአንድ ተማሪ 2 ጊጋባይት አስቤ ነው የምጀምረው፤ ዛሬ ሚሞሪ የሚበላው ብራውዘሩ ነውና ለሃያ ተማሪ 64 ጊጋባይት አስገባለሁ። መምህሩ ሊኑክስን ካላወቀ ከተረፈው ገንዘብ ላይ ለሥልጠናው ይመደብ፤ ይህ ካልሆነ ላቡ ይቆለፋል።

ዋና ቢሮው አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ የሆነ ነጋዴ ደግሞ የፒችትሪውን ፋይል በኢንተርኔት ላይ ለመክፈት አይሞክር፤ ይዘገያል፣ ዳታውም ሊበላሽ ይችላል። ፒችትሪው አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ይሁን፤ የሐዋሳዋ ሒሳብ ሠራተኛ በቪፒኤን ገብታ በአርዲፒ ትሥራበት። በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ምስልና ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ቀጭን ኢንተርኔትም ይችለዋል።

አማርኛው፣ መብራቱና በሩ

በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ውስጥ የማታገኙት ነገር የአማርኛ አጻጻፍ ነው። አብዛኛው ፊደል የሚተየበው በሁለት ወይም በሦስት ቁልፍ ጥምረት ስለሆነ፣ ቲን ክላየንቷም ሰርቨሩም የአማርኛ ኪቦርድ ተጭኖባቸው ከሆነ ሁለቱም ሊተረጉሙት ይሞክራሉ፤ «ለ» ሊጽፍ የፈለገ ተማሪ ያልጠየቀው ፊደል ይወጣበታል። ደንቤ አንድ ነው፤ የአማርኛው ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይጫናል፣ ቲን ክላየንቷ በእንግሊዝኛው ትቀመጣለች። ዊንዶውስ ከሆነ ኪማንን፣ ሊኑክስ ከሆነ አይባስን ሰርቨሩ ላይ እጭናለሁ። የፊደል ቅርጹም (ፎንቱም) እንዲሁ ነው። ተማሪው የሚደርሰው ምስል ስለሆነ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ሰርቨሩ ላይ ካለ ለሃያውም ይበቃል። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት አንድ ተማሪ ስሙን በአማርኛ ይጻፍ፣ ያትም፤ ከዚያ ይፈረም።

መብራት ሲሄድ የቲን ክላየንት ትልቁ ጥቅም ይታያል፤ የሚታየው ግን ዩፒኤስ በትክክል ከተቀመጠ ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ካለ፣ የተማሪዎቹ ማሽኖች ቢጠፉም ሥራቸው ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይቆያል። መብራቱ ሲመለስ ተማሪው ሲገባ ያቆመበት መስመር ላይ ይገኛል፤ ሴቭ ባያደርግም። ለዚህም ሰርቨሩ የተቋረጠን ሥራ ወዲያው እንዳይዘጋ ጊዜውን ማስተካከል ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ሰዓት አደርገዋለሁ። ስዊቹንም ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ሰርቨሩ ከተበላሸ ግን መላው ክፍል ይቆማል፤ ስለዚህ ሁለት ዲስክ እርስ በርስ የሚገለበጥበትና ባክአፕ ከክፍሉ ውጭ የሚቀመጥበት አሠራር ግዴታ ነው።

የመጨረሻው በሩ ነው። አርዲፒ በ3389 ቁጥር በር (ፖርት) ይጠብቃል። ይህን በር በቀጥታ ለኢንተርኔት የሚከፍት ቢሮ ዳታውን ለዘራፊ አሳልፎ እየሰጠ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት በተገኘ ጊዜ አደጋው ከባድ ስለነበር ማይክሮሶፍት ድጋፉ ለቆመው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ አውጥቷል። የበሩን ቁጥር መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ የሚፈልግ ሁሉንም በር ፈትሾ ያገኘዋል። ከውጭ የሚገባ ሁሉ በቪፒኤን ወይም በማይክሮሶፍቱ ጌትዌይ በኩል ይግባ፤ ዴስክቶፑ ከመከፈቱ በፊት ማንነት የሚጠይቀው ቅንብርም ሁልጊዜ የበራ ይሁን።

ለሚፈርሙት

ለርዕሳነ መምህራን፣ ለግዢና ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ተማሪው ወይም ሠራተኛው የሚሠራበትን ፕሮግራም በስሙ ጻፉ። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ እንደሚያስፈልጋችሁ ይነግራችኋል፤ እርሱ ደግሞ ፕሮቶኮሉን ይወስናል። ከዚያ ማሽንና ሰው ቆጥራችሁ የላይሰንሱን ዋጋ አውጡ። ዕቃው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ ፕሮቶኮሉ በስም፣ የካሉ ዓይነትና ብዛት በቁጥር ይጻፍ፤ ላይሰንሱም በተቋማችሁ ስም መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ የርክክቡ አካል ይሁን። የላይሰንስ መስመር የሌለበትን ፕሮፎርማ ዋጋው ዝቅ ስላለ ብቻ አትቀበሉት፤ የቀረው ገንዘብ አራት ወር ቆይቶ፣ ተማሪ ፈተና ላይ በሚቀመጥበት ቀን ይጠየቃል።